የንብ ካባ የለበሰው ዝንብ

አበባው ላይ አንድ ነገር አርፏል። ወፈር ያለ ነው። ገላው በጥቁርና በቢጫ ጸጉር ተሸፍኗል፤ ወደ ጭራው ነጭ ይሆናል። ሲነሳ ድምፁ ከሩቅ ይሰማል። እጃችን ሳናስበው ወደ ኋላ ይሸሻል። ንብ ነዋ፣ ያውም ትልቅ ንብ!

ቀረብ ብሎ ላየው ግን ነገሩ ሌላ ነው። ክንፉ አራት ሳይሆን ሁለት ነው። ዓይኑ ፊቱን ሊሞላው ምንም አልቀረው። መንደፊያ የሚባል ነገር የለውም። ዝንብ ነው።

ስለዚህ ዝንብ ሲወራ ብዙ ጊዜ የምንሰማው "ንብ መስሎ ጠላቱን ያታልላል" የሚለውን ነው። አባባሉ ስህተት የለበትም፤ ዋናውን ጥያቄ ግን ሳይነካው ያልፋል። ካባውን የሰፋለት ማን ነው? ዝንቡ ራሱ አይደለም። መልሱ ሲገባኝ ለመጀመሪያ ጊዜ እነዚህን ትንንሽ ፍጥረታት ቁጭ ብዬ መመልከት ጀመርኩ። ስለዚህ ከሥሩ እንጀምር።

ለመሆኑ እነማን ናቸው?

ሁለት ባለታሪኮች አሉን። አንደኛው አንዣባቢ ዝንብ ነው። ስሙን ያገኘው ከአበራረሩ ነው፤ አየር ላይ ባለበት ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ከዚያ ድንገት ወደ ጎን ይወረወርና እንደገና ቀጥ ይላል። ሳይንቲስቶች ቤተሰቡን ሲርፊዴ ይሉታል። በዓለም ላይ ከ6,000 የሚበልጡ ዝርያዎች ተመዝግበዋል። ብዙዎቹ ቀጠን ያሉና ቢጫና ጥቁር መስመር ያላቸው ናቸው፤ ተርብ ይመስላሉ። ሌሎቹ ማር የምትሰጠንን ንብ ይመስላሉ። ጥቂቶቹ ግን ወፍራምና ጸጉራም ናቸው። የዛሬው ጉዳያችን እነዚህ ጸጉራሞቹ ናቸው።

ሁለተኛዋ ባለታሪክ ባምብልቢ ናት። ማር ከምትሰጠው ንብ ትበልጣለች፣ ትወፍራለች፣ ጸጉሯም ይበዛል። ከ250 በላይ ዝርያዎች አሏት። በተፈጥሮ የምትገኘው በአብዛኛው በአውሮፓ፣ በእስያና በሰሜን አሜሪካ ቀዝቃዛና ተራራማ ቦታዎች ነው፤ ደቡብ አሜሪካም አለች። ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካ ግን በተፈጥሮ የለችም። ስለዚህ በዓይናችሁ አይታችኋት የማታውቁ ከሆነ አይግረማችሁ።

ያ ሁሉ ጸጉር ለጌጥ አይደለም። ሙቀቷን ይይዝላታል። ሌሎች ነፍሳት ብርድ ፈርተው በተደበቁበት ጠዋት ባምብልቢ ሥራ ላይ ናት። የጸጉሯ ቀለም ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው። ጥቁር፣ ቢጫ፣ ነጭና ቀይ በደማቁ ሲደረደሩ "አትንኩኝ" ማለት ነው። ማስጠንቀቂያው ባዶ ዛቻ አይደለም። የማር ንብ መንደፊያ ጥርስ ስላለው ሰው ቆዳ ላይ ተሰክቶ ይቀራል፤ የነደፈችው ንብም ትሞታለች። የባምብልቢ መንደፊያ ግን ለስላሳ ነው። ነድፋ ትነቅለዋለች፣ ካስፈለጋትም ትደግማለች።

ንብ መምሰል ምን ይጠቅማል?

ሁለት ግቢ አስቡ። ሁለቱም በር ላይ "ኃይለኛ ውሻ አለ" የሚል ተጽፏል። አንደኛው ግቢ ውስጥ እውነትም ውሻ አለ። ሁለተኛው ውስጥ ምንም የለም። ሌባው ግን የትኛው የትኛው እንደሆነ አያውቅም። ስለዚህ ሁለቱንም ያልፋል። የሁለተኛው ግቢ ባለቤት ውሻ ሳይቀልብ ጥበቃውን አገኘ ማለት ነው።

ባምብልቢ ውሻ ያለባት ግቢ ናት። ዝንቡ ጽሑፉን ብቻ የሰቀለው ጎረቤት ነው።

ሌባው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ወፍ ነው። አንድ ጫጩት ወፍ ከጎጆ ሲወጣ ምን እንደሚበላና ምን እንደማይበላ ሁሉንም አያውቅም። ያገኘውን ይሞክራል። አንድ ቀን ባምብልቢ ይነጥቅና ይነደፋል። ከዚያ በኋላ ያንን ቀለም ሲያይ ይሸሻል። "እባብ ያየ በልጥ በረየ" የሚለው የአባቶች አባባል ይህንን ነገር በአራት ቃል ጨርሶታል። እባቧ ባምብልቢ ናት፤ ልጡ ዝንቡ ነው። ልጡ ማንንም አይነድፍም፤ የቆመው በእባብ ዝና ነው።

ሳይንሱ ለዚህ ስም አለው፤ የቤትስ ማስመሰል ይባላል። አደገኛውን ወይም የማይበላውን ፍጡር "ዋና" እንበለው፣ ጉዳት የሌለውን "አስመሳይ"። አስመሳዩ የዋናውን ምልክት ይዞ ይጠቀማል፤ ወጪውን የሚከፍለው ዋናው ነው።

ቤትስ ማን ነበር?

ሄንሪ ዋልተር ቤትስ እንግሊዛዊ ነው። አባቱ ካልሲ አምራች ነበር፤ ልጁም በአሥራዎቹ ዕድሜው መጀመሪያ ያንኑ ሙያ እንዲማር ተሰጠ። ልቡ ግን ነፍሳት ላይ ነበር። በ1848 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ከጓደኛው ከአልፍሬድ ራስል ዋላስ ጋር ወደ አማዞን ጫካ ሄደ። ዋላስ ከአራት ዓመት በኋላ ሲመለስ ቤትስ ቀረ። በድምሩ 11 ዓመት ቆየ።

እዚያ አንድ ነገር ገረመው። ደማቅ ቀለም ያላቸው ቢራቢሮዎች ዝግ ብለው ሲበሩ ማንም አይነካቸውም። ጣዕማቸው መጥፎ ስለሆነ ነው። ከመካከላቸው ግን አንዳንዶቹ ተይዘው ሲታዩ የሌላ ቤተሰብ ልጆች ሆነው ተገኙ። ልብሳቸው ብቻ ነው አንድ ዓይነት። ቤትስ ይህንን በ1862 አሳተመ። ዳርዊን ስለ ዝርያዎች አመጣጥ የጻፈውን ካሳተመ ገና ሦስት ዓመቱ ነበር። ፍጥረታት በተፈጥሮ ምርጫ ይለወጣሉ የሚለው ሐሳቡ አዲስና አከራካሪ በነበረበት ሰዓት ቤትስ ያመጣው ማስረጃ ዳርዊንን በጣም አስደስቶታል። የካልሲ ቤት ልጅ ነበር የተፈጥሮን ልብስ ስፌት መጀመሪያ የፈታው።

ታዲያ ዝንቡ አስቦበት ነው?

አይደለም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ዝንቡ ባምብልቢን አይቶ "እንደሷ ልሁን" አላለም። መልኩን ሊቀይርም አይችልም። ነገሩ የሆነው እንዲህ ነው።

ጥንት አንድ የዝንብ ዝርያ አለ እንበል። ከልጆቹ መካከል አንዳንዶቹ ትንሽ ጸጉራቸው በዛ ብሏል፤ አንዳንዶቹ ሆዳቸው ላይ ቢጫ ነገር ጣል አድርጎባቸዋል። ይህ የወንድማማች ልዩነት ነው፤ በሰውም ዘንድ አለ። ወፏ መጣች። ዝንብ መሆኑ በደንብ የሚታየውን በላች። ትንሽ ንብ የሚመስለውን ግን ለአፍታ አመነታች። ያቺ አፍታ ለዝንቡ ማምለጫ ሆነች። ያመለጠው ወለደ። ልጆቹም ያንን ጸጉርና ያንን ቢጫ ወረሱ። ወፏ በማግስቱም መጣች። ከነዚህም ውስጥ ያልመሰለውን መርጣ በላች። ይህ ሳይቋረጥ ለብዙ ሺህ ትውልድ ቢቀጥል ምን ይተርፋል? ወፍ ከንብ ለይታ ማወቅ ያቃታት ዝንብ ነዋ!

የመጀመሪያው ጥያቄያችን መልስ ይኸውላችሁ። ካባውን የሰፋችው ወፏ ናት። ልትበላው የምትፈልገው ጠላቱ ናት ልብስ ሰፊው። መቀሷ ምንቃሯ ነው። እያንዳንዱን የተሳሳተ ስፌት እየቆረጠች የጣለችው እሷ ናት።

ይህንን መያዝ ጥሩ ነው፤ ከዚህ በታች ለሚመጡት ጥያቄዎች ሁሉ ቁልፉ ይኼ ነው። ካባው የተሰፋው በወፍ ዓይን ልክ እንጂ በሰው ዓይን ልክ አይደለም።

እውነት አዳኞች ይታለላሉ?

በሙከራ ታይቷል። ከታወቁት አንዱ በ1960 የታተመው የሊንከን ብራወር፣ የጄን ብራወርና የአንድ ባልደረባቸው ሥራ ነው። አዳኟ ወፍ ሳትሆን ጉርጥ ነበረች። ዝንቡም አንዣባቢ ሳይሆን ባምብልቢን የሚመስል ሌላ ዝንብ ነበር፤ ነፍሳትን እያደነ የሚበላ ቀማኛ ዝንብ። ሐሳቡ ግን አንድ ነው።

አንዳንዶቹ ጉርጦች መጀመሪያ ባምብልቢ ቀረበላቸው። ጉርጥ ምላሷን ወርውራ ነው የምትይዘው፤ ምላሷን ተነደፈች። ከዚያ በኋላ ባምብልቢ ሲቀርብላት አንገቷን ደፍታ ዝም ትላለች። አስመሳዩ ዝንብ ሲቀርብላትም ያው ነው። ባምብልቢ ቀምሰው የማያውቁት ሌሎቹ ጉርጦች ግን ዝንቡን ያለ ምንም ችግር በሉት።

ዝንቡ ጣዕሙ አስጠልቷቸው አይደለም የተዉት ማለት ነው። ጠባቂው የራሱ ገላ ሳይሆን ጉርጧ ጭንቅላት ውስጥ ያለው ትዝታ ነው። ትዝታው ከሌለ ካባው ተራ ጸጉር ነው።

አንድ ዝርያ እንዴት ሁለት ዓይነት ካባ ይኖረዋል?

እኔን ከሁሉ በላይ የሚገርመኝ ይኼ ነው።

ቮሉሴላ ቦምቢላንስ የሚባል አንዣባቢ ዝንብ አለ። አውሮፓ ውስጥ ሁለት ዋና መልክ አለው። አንደኛው ጥቁር ሆኖ ጭራው ቀይ ነው። እዚያው አካባቢ ጥቁር ሆና ጭራዋ ቀይ የሆነ ባምብልቢ አለች፤ ቁርጥ እሷን ነው። ሁለተኛው ቢጫ ቀለበት ያለውና ጭራው ነጭ የሆነ ነው። ቢጫ ቀለበትና ነጭ ጭራ ያላቸው ባምብልቢዎችም አሉ፤ ይኼኛው እነሱን ይመስላል።

ሁለቱን ጎን ለጎን ያየ ሰው የተለያዩ ዝርያዎች ናቸው ብሎ ይምላል። አይደሉም። ይዳቀላሉ። ከአንዲት እናት ሁለቱም ሊወለዱ ይችላሉ። ልዩነቱ እንደ ዓይን ቀለም በዘር የሚተላለፍ ነው።

ሜሮዶን ኤኩዌስትሪስ የሚባለው ሌላው ዝንብ ደግሞ ይብሳል። የዚህ ዝርያ መልኮች ብዙ ናቸው፤ አንዱ ቢጫማ፣ አንዱ ቀላ ያለ፣ አንዱ ጠቆር ብሎ ጭራው የነጣ ነው። እጮቹ ዳፎዲል የሚባለውን ቢጫ አበባ ሽንኩርት መሰል ሥር ውስጥ ገብተው ይበላሉ። ስለዚህ አበባ አምራቾች አይወዱትም። ከአውሮፓ ተነስቶ ሰሜን አሜሪካና ኒውዚላንድ የደረሰውም በአበባ ሥር ንግድ ተደብቆ ነው።

መልክ ማብዛቱ ለምን ጠቀመ? ወደ ውሻው ጽሑፍ እንመለስ። ሰፈሩ ሁሉ አንድ ዓይነት ጽሑፍ ቢሰቅልና ውሻ ያለው አንድ ቤት ብቻ ቢሆን ሌባው አንድ ቀን ይነቃል። ግማሹ ሰው አንድ ዓይነት፣ ግማሹ ሌላ ዓይነት ጽሑፍ ቢጠቀም ግን እያንዳንዱ ጽሑፍ ላይ ያለው ሐሰተኛ ቁጥር ያንሳል። አንዷ ወፍ ቀይ ጭራውን ደፍራ "ይሄማ ይበላል" ብላ ብታውቅ እንኳ ነጭ ጭራውን ገና ትፈራለች።

ታዲያ ለምን ከሁለቱ የተቀላቀለ፣ ግማሽ ቀይ ግማሽ ቢጫ የሆነ አይበዛም? ምክንያቱም ከሁለት ያጣ ይሆናል። የትኛዋንም ባምብልቢ አይመስልም። ወፏ የምታስታውሰው ሕመም የለም። ልብስ ሰፊዋ እንዲህ ዓይነቱን ወዲያው ቆርጣ ትጥለዋለች።

የሚያታልለው ወፎችን ነው ወይስ ንቦቹን ራሳቸውን?

ይህ ጥያቄ ለረጅም ጊዜ አከራክሯል። ምክንያቱ ደግሞ ቀላል አይደለም። የቮሉሴላ ቦምቢላንስ ሴቷ እንቁላሏን የምትጥለው የት መሰላችሁ? የባምብልቢ ጎጆ ውስጥ ነው። የተርብ ጎጆ ውስጥም ትገባለች። እጮቹ እዚያ ያድጋሉ።

የድሮ ተመራማሪዎች ይህንን ሲያዩ "ገባን" አሉ። ዝንቧ ባምብልቢ የመሰለችው ቤታቸው ሰተት ብላ ለመግባት ነው! ንቦቹ እህታቸው መስላቸው ያሳልፏታል። ታሪኩ ያምራል። ችግሩ እውነታው አይደግፈውም።

አንደኛ፣ ጎጆው ጨለማ ነው። ንቦች እዚያ ውስጥ የሚተዋወቁት በጠረን ነው እንጂ በቀለም አይደለም። ጨለማ ቤት ውስጥ ካባ ምን ይሠራል? ሁለተኛ፣ የቅርብ ዘመዱ ቮሉሴላ ፔሉሴንስ የተርብ ጎጆ ውስጥ ገብቶ እንቁላል ይጥላል። መልኩ ግን ጥቁርና ነጭ ነው፤ ተርብ አይመስልም። ተርብ ሳይመስል ተርብ ቤት መግባት ከተቻለ መልኩ የመግቢያ ወረቀት አይደለም። ካባው ከቤት ውጭ፣ በብርሃን፣ ወፍ ፊት የሚለበስ ነው።

ስለ እጮቹ አንድ ነገር ልጨምር፤ "ጥገኛ" ሲባሉ ስለምሰማ ነው። በዋናነት የሚበሉት ጎጆው ሥር የተጠራቀመውን ቆሻሻ፣ የሞቱ ንቦችንና የሞቱ እጮችን ነው። ከሌባ ይልቅ ለጽዳት ሠራተኛ ይቀርባሉ።

ለምን ሁሉም እኩል አይመስሉም?

ባምብልቢን የሚመስሉት ዝንቦች በጣም ነው የሚመስሉት። ትንንሾቹ ባለመስመር ዝንቦች ግን ተርብ ለመምሰል ሞክረው ግማሽ መንገድ ላይ የተዉት ይመስላሉ። ማስመሰል ይህን ያህል የሚጠቅም ከሆነ ለምን ሁሉም እስከ መጨረሻው አልሄዱም?

በካናዳ ሄዘር ፔኒና ባልደረቦቿ 38 የአንዣባቢ ዝንብ ዝርያዎችን ከሚመስሏቸው ንቦችና ተርቦች ጋር አነጻጽረው በ2012 አሳትመዋል። ያገኙት ነገር ትላልቆቹ ዝንቦች የተሻለ ይመስላሉ የሚል ነው። ምክንያቱን ወፏ ቦታ ሆናችሁ አስቡት። ትንሽ ዝንብ አንድ ጉርሻም አትሞላም። ለእሷ ብሎ የመነደፍ ዕድል መሞከር አያዋጣም። ትንሽ እንኳ ተርብ ከመሰለች ወፏ "ይቅርብኝ" ትላለች። ትልቅ ዝንብ ግን ጥሩ ምግብ ነው። ለእሱ ሲባል ጠጋ ብሎ መመርመር ያዋጣል። ስለዚህ ትልቁ ዝንብ ፍተሻው ይጠብቅበታል፤ ያንን ፍተሻ የሚያልፈው በጣም የመሰለው ብቻ ነው። ባምብልቢን የሚመስሉት ዝንቦች ደግሞ ትላልቆቹ ናቸው።

ሌላም ነገር አለ። "አይመስልም" ብለን የምንፈርደው እኛ ነን። በ1993 በታተመ ሙከራ እርግቦች በምስል ተርብን ከዝንብ እንዲለዩ ሠለጠኑ። ከዚያ የአንዣባቢ ዝንቦች ምስል ቀረበላቸው። ለሰው ዓይን ያን ያህል ተርብ የማይመስሉ አንዳንድ ዝርያዎችን እርግቦቹ በጣም ከሚመስሉት ጎን መደቧቸው። ልብስ ሰፊዋ የምታየው በራሷ ዓይን ነው ያልኩት ለዚህ ነው።

አስመሳዮቹ ከዋናዋ ቢበዙስ?

የሐሰት ገንዘብን አስቡ። ጥቂት ሲሆን ያልፋል። ገበያው በሐሰት ኖት ከተጥለቀለቀ ግን ሰው እያንዳንዱን እያገላበጠ ማየት ይጀምራል። እዚህም እንደዚያው ነው። ወፏ ካባ የለበሰ ነገር በያዘች ቁጥር ጣፋጭ ዝንብ ካጋጠማት ፍርሃቷ ይጠፋል። ስለዚህ ማስመሰል በደንብ የሚሠራው ብዙ ንብና ጥቂት አስመሳይ ሲኖር ነው። ንድፊያው በጣም የሚያም ከሆነ ግን ጥቂት ንቦችም ብዙ አስመሳዮችን ሊጠብቁ ይችላሉ። አንዴ በጣም የተቃጠለ ሰው ቶሎ አይደፍርም።

ጊዜም ወሳኝ ነው። አሜሪካዊው ጊልበርት ዋልድባወር ከአንድ ባልደረባ ጋር በ1971 ያሳተመው ሥራ ይህንን ይመለከታል። ንብና ተርብ የሚመስሉ አንዳንድ ዝንቦች በብዛት የሚወጡት በጸደይ ነው። በዚያ ሰዓት ያሉት ወፎች ያለፈው ዓመት ናቸው፤ ተነድፈው ተምረዋል። በሞቃቱ ወቅት መካከል ግን አዲስ ጫጩቶች ከጎጆ ይወጣሉ፤ እነሱ ገና ያልተማሩ ናቸው፣ ያገኙትን ይሞክራሉ። ዝንቦቹ በብዛት የሚበሩት የተማረ ወፍ ባለበት ጊዜ ነው። ይህም ቢሆን የዝንቡ ብልሃት አይደለም። ባልሆነ ሰዓት የወጣው ተበላ፣ በሰዓቱ የወጣው ወለደ።

ልብስ ብቻ ነው ወይስ ጠባይም አለ?

አለ። በተለይ ተርብ የሚመስሉት። የዝንብ አንቴና አጭር ነው፤ የተርብ ረጅም ነው። ይህንን ጉድለት ለመሸፈን አንዳንዶቹ የፊት እግራቸውን ወደ ላይ አንስተው እንደ አንቴና ያወዛውዛሉ። ሲያዙ ጭራቸውን አጥፈው ሊነድፉ የሚዳዳቸው አሉ፤ የሚነድፉበት ነገር ግን የላቸውም። ባምብልቢ መሳዮቹ ሲያዙ ጮክ ብለው ይጮኻሉ።

ሰውስ ይታለላል?

በጣም። ስለ ንብ በሚጻፍ ዜና ላይ የዝንብ ፎቶ ተለጥፎ ማየት የተለመደ ነው። ጉዳዩ ደግሞ የዛሬ አይደለም። የጥንት ግሪኮችና ሮማውያን ከሞተ በሬ ገላ ንብ ይወለዳል ብለው ያምኑ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የዝንቦች ሊቅ የነበረው ኦስተን ሳከን አንድ ማብራሪያ ሰጠ። ኤሪስታሊስ ቴናክስ የሚባለው አንዣባቢ ዝንብ የማር ንብን በጣም ይመስላል። እጮቹ የሚያድጉት የሚበሰብስ ነገር ባለበት ቆሻሻ ውሃ ውስጥ ነው፤ ከኋላቸው በሚረዝም ቱቦ ከውሃው በላይ አየር ይስባሉ። ከበሰበሰ በሬ የወጣው "ንብ" ይህ ዝንብ ነበር የሚል ነው ሐሳቡ። እውነት ከሆነ፣ ለወፍ የተሰፋው ካባ ሰውን ለብዙ መቶ ዓመታት አሳስቶታል ማለት ነው።

ለእኛ ምን ይጠቅሙናል?

አንዣባቢ ዝንቦች አበባ ይቀስማሉ። ሲቀስሙ የአበባ ብናኝ ከአበባ ወደ አበባ ያደርሳሉ፤ ፍሬና ዘር የሚመጣው በዚህ ነው። በዚህ ሥራ ከንቦች ቀጥሎ ስማቸው የሚነሳው እነሱ ናቸው። ጸጉራሞቹ ደግሞ ብናኙ ጸጉራቸው ላይ ይጣበቃል። ለማስመሰል የመጣው ጸጉር ለአበባውም ጠቀመ።

ባለመስመር ዘመዶቻቸው ሌላም ሥራ አላቸው። የብዙዎቹ እጮች ክሽክሽ ይበላሉ፤ ክሽክሽ የሰብል ጭማቂ የምትመጥ ትንሽ ተባይ ናት። በ2019 የታተመ የራዳር ጥናት በደቡብ እንግሊዝ ሰማይ ላይ በዓመት እስከ 4 ቢሊዮን አንዣባቢ ዝንቦች እንደሚሰደዱ አሳይቷል። ብዙ ሰው ሰማይ ላይ መንገድ እንዳላቸው እንኳ አያውቅም።

ሁኔታቸው ግን ጥሩ አይደለም። በ2022 በወጣው የአውሮፓ ቀይ መዝገብ ከተገመገሙት 890 ዝርያዎች 314ቱ የመጥፋት ስጋት አለባቸው። ከመቶ 35 ያህሉ ማለት ነው። ባምብልቢ መሳዮቹ የራሳቸው ችግር አለባቸው። ዝንቡ ሲያድግ የሚፈልገው አበባ ቢሆንም እጩ የሚያድግበት ቦታ ሌላ ነው። ፖኮታ ፐርሶናታ የሚባለው ውብ ጸጉራም ዝንብ እጮቹ የሚያድጉት ያረጁ ዛፎች ግንድ ላይ በተፈጠረ ቀዳዳ፣ ውስጡ በበሰበሰ እንጨት ውስጥ ነው። ሰው እንዲህ ያለውን ዛፍ "ሞቷል፣ ቆሽሿል" ብሎ ይቆርጠዋል። ሲቆርጠው የዝንቡን የልጅነት ቤት አብሮ ያነሳዋል። ቮሉሴላ ደግሞ የባምብልቢ ወይም የተርብ ጎጆ ይፈልጋል። ባምብልቢዎች ሲቀንሱ የሚጎድልበት ሁለት ነገር ነው፤ የልጆቹ ቤትና የካባው ዝና። የሚነድፍ ንብ ባልቀረበት አገር ወፏ የምትፈራበት ምክንያት አይኖራትም።

እንዴት ልለየው?

ከዓይኑ ጀምሩ። የዝንብ ዓይን ትልልቅ ነው፤ በብዙዎቹ ወንዶች ሁለቱ ዓይኖች አናት ላይ ይገናኛሉ። የባምብልቢ ዓይን ሞላላ ሆኖ በፊቷ ግራና ቀኝ ይቀመጣል። ቀጥሎ አንቴናውን እዩ። የባምብልቢ ረዘም ብሎ እንደ ክርን የታጠፈ ነው፤ የዝንቡ አጭርና ለማየት የሚያስቸግር ነው። ከዚያ እግሩን። የሠራተኛ ባምብልቢ የኋላ እግር ላይ ብዙ ጊዜ የተጠቀጠቀ ቢጫ ወይም ብርቱካንማ ብናኝ ታያላችሁ፤ ጎጆ ውስጥ ላሉት እጮች የምትወስደው ስንቅ ነው። ዝንብ ስንቅ አይቋጥርም፤ የሚበላውን እዚያው አበባ ላይ ይበላል። ክንፍ መቁጠር የመጨረሻው ማረጋገጫ ነው፤ ግን በሩጫ ላይ ያለን ነፍሳት ክንፍ መቁጠር ቀላል አይደለም።

ትዕግሥት ካላችሁ ደግሞ እስኪነሳ ጠብቁት። ካባው ፍጹም የሆነው ዝንብ እንኳ አበራረሩ ያጋልጠዋል። ባምብልቢ እየተንገዳገደች ከአበባ አበባ ትሄዳለች። እሱ ግን ይነሳል፣ ፊት ለፊታችሁ አየር ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ በነዚያ ትልልቅ ዓይኖች ያያችኋል፣ ከዚያ የለም።